ለኮሌታ የሚሆን ባትሪ

«ይሄም ወፍራም ነው» አለች ሞባይል ጠጋኟ፣ ባትሪውን በሁለት ጣቶቿ መሃል ይዛ እያሻሸች።

«እቴ፣ ከዚህ የሳሳ ከፈለግሽ ወረቀት መሸጫ ሂጂ» አላት ሻጩ።

«ቀልዱን ተወውና ከታች ያለውን ሳጥን አውጣልኝ።»

ሻጩ የሞቱ ስልኮችን እየገዛ፣ ሆድ ዕቃቸውን እየዘረገፈ ነው የሚተዳደረው። ለዚህም የገበያው ሰው «ቀባሪው» ይለዋል። እሷ ደግሞ ሰፈሯ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ሞባይል ትጠግናለች። ከተዋወቁ ቆይተዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስክሪን ወይም የቻርጀር መሰኪያ ገዝታ፣ ሁለት ሦስት ቀልድ ተወራውረው ትሄድ ነበር። ዛሬ ግን ፊቷ አልፈታ ብሎ፣ ከጠዋት ጀምራ የሱን ሳጥኖች ስታገላብጥ ረፈደባት።

«ለምንድነው ግን?» አለ ቀባሪው፣ ከመደርደሪያው ሥር ሳጥን እየጎተተ። «ሰዓት ልትሠሪ ነው?»

«ኮት ውስጥ የሚሰፋ ነው። አባቴ የት እንዳለ ስልኬ ላይ የሚያሳየኝ መሣሪያ ሠርቻለሁ። ቦርዱ ስስ ነው፤ ሽቦውም አያስቸግርም። ያቃተኝ ባትሪው ነው።»

«ትንሽ ቢወፍር ምናለበት? አሁን ሽማግሌው መች ያውቁታል?»

«ያውቀዋል» አለች። «ሌላውን ሁሉ ረስቶ እሱን ያውቀዋል።»

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ዛሬ የልጆቹ ስም ጠፍቶበታል። ሚስቱ መሞቷን እየረሳ «የት ሄዳ ነው የቆየችው?» እያለ ይጠይቃል፤ እንደ አዲስ ሲነገረው እንደ አዲስ ያለቅሳል። ጣቶቹ ግን የሚያውቁትን አልረሱም። ጠጋኟ መጀመሪያ ላይ ከአሮጌ ስልክ ያወጣችውን ባትሪ ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍታለት ነበር። ለምሳ ስትመለስ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ገበሩ ደግሞ መርፌ የነካው እንኳ ሳይመስል ተመልሶ ተሰፍቶ አገኘችው። «ማነው ኮቴ ውስጥ ድንጋይ የቀበረው?» ብሎ ተቆጣ። እጁ ላይ ብታስርለት ፈትቶ ለመንገደኛ ሰጠው። አንገቱ ላይ ብታንጠለጥልለት «በግ ነኝ እንዴ?» ብሎ ወረወረው። ኮቱን ግን ሳይለብስ ከቤት አይወጣም።

መሣሪያው ለጨዋታ የተሠራ አልነበረም። አባቷ በቅርቡ ከቤት ወጥቶ የት እንደደረሰ ሲፈለግ፣ ከባድ መኪኖች በሚከንፉበት መንገድ መሃል ቆሞ ተገኘ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወርዶ፣ እጁን ይዞ ወደ ዳር አወጣው። ያን ዕለት ማታ ታላቅ ወንድሟ ትልቅ የጓጉንቸር ቁልፍ ገዝቶ መጣ።

አንድ ቀን ሞክራዋለች። ወደ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ቆልፋ፣ ልቧ ሳያርፍ ውላ ስትመለስ፣ አባቷ በሩን ሲደበድብ ውሎ እጁ አብጧል። ድምፁ ተዘግቷል። «ምን አጠፋሁ? ምን አድርጌ ነው ያሰራችሁኝ?» ይላል እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ። ከዚያ በኋላ ወንድሟን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲታገሳት ለመነችው። ካልሆነ ወይ ቁልፉ ነው ወይ መጦሪያ ቤት፤ ሌላ መንገድ የለም ብሎ ነግሯታል። ሱቋን ዘግታ አባቷን እንዳትጠብቅ ደግሞ ሁለቱም የሚበሉት ከዚያችው ሱቅ ነው።

«እስቲ ይሄን እይው» አለ ቀባሪው፣ የመታወቂያ ካርድ የሚያህል ጥቁር ነገር እያቀበላት። «የፈተና መኮረጃ ነው። ተማሪዎቹ ኪሳቸው ውስጥ ይከቱትና መልሱ በጆሯቸው ይመጣላቸዋል። ፈታኙ ቢዳብሳቸውም አያገኘውም።»

በጥፍሯ ፈልቅቃ ከፈተችው። ውስጡ ያለው ባትሪ እንደ ካርዱ ጠፍጣፋና ስስ ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ ከለበሰችው ሹራብ ሥር አስገብታ በጣቷ ዳበሰችው። ጨርቅ እንጂ ሌላ ነገር አይመስልም።

«ስንት አለህ?»

«ሁለት። ባለቤቶቹ ወድቀው ሳይሆን አይቀርም የሸጡልኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሁለት ይበቃታል፤ አንዱ ኮቱ ውስጥ ሲውል ሌላው ቻርጅ ይደረጋል።

«እንዳይታጠፍ» አላት ሲጠቀልልላት። «እንዳይወጋ። ሙቀት ደግሞ አይወድም።»

«ለኔ ነው ይሄን የምትነግረው?»

«ለገዛኝ ሁሉ የምለውን ነው ያልኩሽ። አባትሽን ይማርልሽ።»

የዚያን ዕለት ባትሪውን ኮሌታው ውስጥ ከኋላ በኩል፣ አንገት በማይታጠፍበት ቦታ አስቀመጠችው። ቦርዱን ራቅ አድርጋ በሌላው ጫፍ ሰፋችው። ፀሐይ እንዳያገኘው አሰበች። ዝናብ፣ ላብ፣ አልጋ ላይ ኮቱን እንደለበሰ ቢተኛስ ብላ ሁሉንም አሰበች። ባትሪውን ማታ ማታ ለመቀየር ከኮሌታው ሥር ትንሽ ክፍተት ትታ፣ በሁለት ስፌት ብቻ ያዘቻት። የአባቷ ልጅ ናትና ስፌቱ አልተበላሸባትም።

በማግስቱ አባቷ ኮቱን ለብሶ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ኮሌታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ተመልሶ ዳበሰው።

«ጠንከር ብሏል» አለ።

«ምኑ አባዬ?»

«ኮሌታው ነዋ። ማጠንከሪያ ጨርቅ ገብቶበታል። ጎበዝ ሰው ነው የሠራው።» ፊቱ በራ። «ልስልስ ያለ ኮሌታ ሰውን ያዋርዳል።»

ወደ ጓዳ ገብታ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁም ወዲያው ወደ ልቅሶ ሄደባት። የእሱን ጣቶች ማታለል ይቻላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ጥሩ ቀናት መጡ። ጠጋኟ አንድ ዓይኗ ከምትፈታው ስልክ ላይ፣ ሌላው ከራሷ ስልክ ላይ ሆነ። አባቷ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ነው። ነጥቡ ዳቦ ቤቱ ጋ ይቆማል፤ የትምህርት ቤቱን አጥር ይዞ ይሄዳል፤ ከዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ያርፋል። አንዴ ወደ ትልቁ መንገድ ማቅናት ሲጀምር ሱቋን ጥላ ሮጠች። ስትደርስበት ፍጥነቷን ቀንሳ፣ ድንገት እንደተገናኘ ሰው አጠገቡ መራመድ ጀመረች።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ወደ ሥራ። አንቺስ?»

«እኔም በዚሁ ነኝ፤ አብረን እንሂድ» ብላ ቀስ አድርጋ ወደ ቤት መለሰችው።

ማታ ለወንድሟ ስትነግረው ስልኳን ተቀብሎ ነጥቡን ብዙ ጊዜ አየው። «እንግዲህ እናያለን» አለ። ቁልፉን ግን ይዞት አልሄደም፤ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ተወው።

አንድ ረፋድ ላይ የደንበኛ ስልክ ስትበይድ ቀና አለች። ነጥቡ የለም። ስክሪኑን ነካካችው፤ የለም። መበየጃውን ነቅላ፣ ደንበኛዋን «መጣሁ» እንኳ ሳትለው ሮጠች። መኪናው፣ መንገዱ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ታዩዋት። ሰፈሯ ስትደርስ በራቸው ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ጉሮሮ የሚይዝ መጥፎ ሽታ ይወጣል።

አባቷ ከጠረጴዛው ፊት ቆሟል። ኮቱ ብርድ ልብስ ላይ ተዘርግቷል። ኮሌታው መሃል ላይ ጠርዙ የከሰለ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ጭስ እየተነነ ነው። በቀኝ እጁ ካውያ ይዟል። ግራ እጁ ከአውራ ጣቱ በታች ተልጦ ቀልቷል፤ እሱ ግን ያስተዋለው አይመስልም።

ማሽኑን ወስደውበታል። ጣቱን እንዳይቆርጥ ብለው መቀሱንም ወስደውበታል። ካውያው ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከአሮጌ ጫማዎች ጋር ተረስቶ ነበር። አዲስ ማጠንከሪያ የገባበት ኮሌታ ደግሞ ሳይተኮስ አይለበስም። ይሄን ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያውቃል። እሷ ራሷ እሱ ሲተኩስ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ነው ያደገችው። ሁሉንም አስባ ይሄ አልመጣላትም።

ካውያውን ከእጁ ወሰደችና ከግድግዳው ነቀለችው። ኮቱን እየጎተተች ወደ ደጅ አውጥታ ውሃ ደፋችበት። ስትመለስ አባቷ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ቀና ብሎ አያትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት» አላት። «ኮትዎን አቃጠልኩት።»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ጨርቁን እከፍላለሁ። በሥራ ዘመኔ የደንበኛ ልብስ አቃጥዬ አላውቅም። ሰው ይጠይቁ። አንድም ቀን አላቃጠልኩም።»

«አንተ አይደለህም ያቃጠልከው። ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ ውስጡ...»

«ካውያው በኔ እጅ ነበር እኮ» አለ፣ የተላጠ እጁን እያየ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። «ለሌላ ሰው አይንገሩብኝ፤ እባክዎ።»

«ለማንም አልናገርም» አለችው፤ እጁን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ እየመራችው። አባቷን ከእሷ በላይ ያዋረደው ሰው እንደሌለ አወቀች።

ወንድሟ ከሥራ ሲወጣ መጣ። በፋሻ የታሰረውን እጅ አየ፤ ኮቱን አየ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይጮኻል ብላ ስትጠብቅ በለሆሳስ ተናገረ።

«ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እኔ ጨካኝ ሆኜ ይመስልሻል? ተኝቼ አላድርም እኮ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሞተ ሊሉኝ ነው እላለሁ።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

«እንግዲያው ካውያውን ጣይው።»

«ማሽኑን ወሰድንበት፣ መቀሱን ወሰድንበት። ካውያውንም ከወሰድንበት ምን ይቀረዋል?»

«ካውያውን ካልጣልሽ ያንን ባትሪ አውጪ። ባትሪውን ካወጣሽ ደግሞ ቁልፉ ያው» አለ ወደ ምስማሩ እየጠቆመ። «ከሦስቱ አንዱን ምረጪ እህቴ። እኔ ደክሞኛል።»

ሁለተኛው ባትሪ ቻርጀሩ ላይ ሞልቶ ተቀምጧል።

ጠዋት ስትነሳ አባቷ ቀድሟት ተነስቶ ከኮቱ ጋር ነው። የተቃጠለውን የኮሌታውን መሃል ከየት እንዳገኘው ባልታወቀ ምላጭ አስተካክሎ ቆርጦ፣ ከኮቱ ውስጠኛ ጠርዝ ትርፍ ጨርቅ አውጥቶ እየደረበበት ነው። ግራ እጁ በፋሻ እንደታሰረ ነው፤ ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። አጠገቡ ተቀመጠች። መርፌው ውስጥ ክር ሲያስገባ፣ ባትሪውን በስስ ጨርቅ ጠቅልላ ሽቦውን ከእሳቱም ከውሃውም ከተረፈው ቦርድ ጋር አገናኘችና ከኮሌታው መሃል አኖረችው።

«ማጠንከሪያው ነው?» አላት።

«አዎ።»

«ጥሩ» አለና ራሱ ሰፋው።

ስፌቱን ሲጨርስ ዙሪያውን መፈለግ ጀመረ። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከአልጋው ኋላ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት። «ካውያዬን አይታችኋል?» ይላል ለማንም ላልሆነ ሰው። «ሳይተኮስ አይሰጥም። እንዲህማ ለደንበኛ አይሰጥም።»

«ሱቅ ወስጄው ነው፤ አመጣልሃለሁ» አለችው።

ካውያውን ጓዳ ደብቃው ነበር። በጓሮ በኩል ይዛው ወጥታ ሱቋን ከፈተች። ካውያውን ጠረጴዛዋ ላይ ገልብጣ ብሎኖቹን ፈታች። ሽቦዎቹ ደህና ናቸው፤ ከዕድሜው አንጻር ምንም አልሆነም። የሚያግለውን ሽቦ ቆረጠችና ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለችው። ወደ ትንሿ ቀይ መብራት የሚሄደውን አልነካችም። ስትገጥመው እጇ ከበደባት። የሰው ዕቃ አበላሽታ አታውቅም።

ቤት ወስዳ ግድግዳው ላይ ሰካችለት። ቀይዋ መብራት በራች። አባቷ መብራቷን ሲያይ ትከሻው ቀና አለ። ኮቱን ብርድ ልብሱ ላይ አነጠፈና ካውያውን ኮሌታው ላይ አሳረፈው። አንስቶ ጨርቁን በመዳፉ ዳበሰ። ጣቱን በምላሱ አርጥቦ የካውያውን ሆድ ነካ አደረገ።

«ገና ነው» አለ።

«ይግላል አባዬ። ትንሽ ታገሰው።»

«አዎ፤ ያረጀ ካውያ ጊዜ ይፈልጋል።» ካውያውን በቂጡ አቁሞ፣ እጆቹን ከኋላ አጣምሮ መጠበቅ ጀመረ።

በሩን ገርበብ አድርጋ ትታ ወጣች። ሱቋ ገብታ የተሰበረ ስክሪን መንቀል ጀመረች። ስልኳን ፊቷ አስደግፋለች። ነጥቡ ከቤቱ ላይ ነው። ለዳቦ የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ፤ ነጥቡ ከቤቱ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ልጆቹ እየተንጫጩ አለፉ። አግዳሚው ወንበር ዛሬ ባዶውን እንደዋለ አሰበች። ነጥቡ ግን እዚያው ነው፣ ጠረጴዛው ካለበት ክፍል።

ስልኩ ሲጮህ ወንድሟ ነበር።

«ቁልፉን ገጠምሽው?»

ነጥቡን አየችው። ተነስቶ መሄድና የካውያውን ሽቦ መልሶ መበየድ ከሩብ ሰዓት ሥራ አይበልጥም። መበየጃው አጠገቧ ነው፤ ግሏል።

«አያስፈልግም» አለችው። «የትም አይሄድም።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ ተሰበረው ስክሪን ተመለሰች።