ለእንግዳ የተቆለፈ

አሰጋሽ የቆርቆሮውን በር ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኳች። ውስጥ ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ሬዲዮው የጠፋው እሷ ስታንኳኳ ነው። የሰበታ ጭቃ ጫማዋን ውጦታል። ከጎረቤት ክፍል አንዲት ሴት ብቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ጣቢታን ፈልጌ ነው። የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህርት ነኝ።"

"ያቺን ክፍል ውስጥ የሸናችውን?" አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ።

ወይ ጉድ! ወሬው ሰፈር ገብቷል። አሰጋሽ አንገቷን ደፋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴቶቹ አሮጌ መጸዳጃ ፈርሶ በወላጆች መዋጮና ጉልበት አዲስ ተሠራ። ነጭ ሴራሚክ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ መስታወት ሳይቀር። ታዲያ አሰጋሽ ምን አደረገች? ቆለፈችው! የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መጥተው እስኪመርቁት ማንም እንዳይነካው አለች። እናቷ ቤት ደህናው ብርጭቆ ለልጅ ወጥቶ አያውቅም፤ እሷም ያደገችው በዚያ ነው። ኃላፊው ግን "ማክሰኞ" አሉ፣ "ሐሙስ" አሉ፣ "ከበዓል በኋላ" አሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ።

ጥበቃው ኦቦ ዲሪርሳ ሁለት ጊዜ ለምነዋታል። "ኢጆሌዎቹ፣ ሴቶቹ ልጆች ተቸገሩ እኮ፤ ልክፈትላቸው?"

"ትንሽ ይታገሡ" ነበር መልሷ።

ወንዶቹስ የራሳቸው አላቸው። ሴቶቹ ውሃ መጠጣት ተዉ። የስድስተኛ ክፍሏ ጣቢታ ግን ሰኞ ዕለት ሰሌዳ ፊት ቆማ ሒሳብ ስትሠራ አልቻለችም። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። በዚያው ሰኞ አሰጋሽ ሱሉልታ ሄዳ ለሌሎች ርዕሳነ መምህራን ስለ ተማሪዎች ደኅንነት ገለጻ ስታደርግ ነው የዋለችው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

በሩ ተከፈተ። የጣቢታ እናት ተረፈች ለማታ ፈረቃ ልትወጣ የፋብሪካ ጋዎኗን እየቆለፈች ነበር። አሰጋሽን ስታይ ደነገጠች።

"ይግቡ፣ ጌታ ይባርክዎ! ይቅርታ ያድርጉልን። እዚያ ድረስ መጥቼ መለመን የነበረብኝ እኔ ነኝ። ትልቅ ልጅ ሆና ትምህርት ቤቱን አሰደበች። ገርፌያታለሁ፣ ሁለተኛ አይለምዳትም።"

ጣቢታ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

አሰጋሽ አፏን ከፈተች። እውነቱን ልትናገር ነበር የመጣችው። የወጣው ግን "ግድ የለም፣ ልጅ ናት፤ ይቅር ብለናታል" የሚል ነው። ይቅር ብለናታል! ቃሉ ከአፏ እንደወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"እርስዎ የት ነው የሚሸኑት?" አለች ጣቢታ ሳትዞር።

"ዝም በይ፣ ባለጌ!" እናቷ እጇን አነሣች።

አሰጋሽ የእናትየዋን እጅ ያዘች። "ተያት፣ እህቴ። የመምህራኑ አለ፣ እዚያ ነው የምሄደው። የእነሱን አዲሱን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ለእንግዳ ብዬ። ልጅሽ ምንም አላጠፋችም።"

ተረፈች ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀች። "እኔ እኮ ሦስት ቅዳሜ አሸዋ ተሸክሜበታለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ "እርስዎ"ም "ጌታ ይባርክዎ"ም አላለቻትም። ልጇን አየች፣ የገረፈችበትን እጇን አየች፣ አለቀሰች።

"ነገ ትምጣልኝ" አለች አሰጋሽ።

"የነገሩት ለእማዬ ብቻ ነው" አለች ጣቢታ። "የሳቁት ግን የክፍሌ ልጆች ናቸው።"

"ጠዋት ሰልፍ ላይ እናገራለሁ።"

"እስቲ እናያለን።"

በማግስቱ ኦቦ ዲሪርሳ መጸዳጃውን ገና በጠዋት ከፈቱት። ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አሰጋሽ ማይክራፎኑን ያዘች። ምክትሏ ስምዖን ጠጋ አለ።

"ኃላፊው ደውለዋል፣ ለምርቃቱ ደርሻለሁ ብለዋል። የይቅርታው ነገር ሌላ ቀን ይሁን፣ በእናትሽ።"

ጣቢታ ከግቢው በር ውጭ፣ መንገዱ ዳር ቆማ ነበር። ዩኒፎርም ለብሳለች፤ ደብተር ግን አልያዘችም።

"ልጆች" አለች አሰጋሽ። "ሰኞ ዕለት በጣቢታ ስቃችኋል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። መጸዳጃችሁን ለእንግዳ ብዬ የቆለፍኩባችሁ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። መምህራኑ መሬት መሬት አዩ። እሷም በቃ፣ ተገላገልኩ ብላ ቀና ስትል ጣቢታ ለመስማት እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ አንገቷን አስግጋለች። አልሰማችም።

የኃላፊው ነጭ መኪና በሩ ላይ ደርሶ ጥሩምባ ነፋ።

"ይበቃል፣ መጡ!" አለ ስምዖን።

አሰጋሽ የድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችውና "ልጆች" ብላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።