የግራ እጅ መላጊያ

አየነው ጡረታ ከወጣ በኋላ አሮጌ የአናጢ መሣሪያ እየፈለገ ማደሱን ሥራዬ ብሎ ያዘ። ብቻውን አልነበረም። ከሳላሀዲን ጋር ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ እንጨት ልገዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ቀፊራ ገበያ ይወርዳሉ። አሮጌ ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሚዘረጉት ሻጮች ዘንድ ሲደርሱ ሳላሀዲን ከሶማሌው በሶማሊኛ፣ ከኦሮሞው በኦሮሚኛ እየቀለደ ይከራከራል። አየነው ደግሞ ዝም ብሎ ብረቱን ያገላብጥና ደህና ሲያገኝ ሳላሀዲንን በዓይኑ ይጠቅሰዋል።

ቤት የሚገባው ዕቃ መላጊያ ይሁን መሮ ከዝገቱ የተነሣ አይለይም። አየነው ይፈታታዋል፣ ናፍጣ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈትገዋል። ከዚያ ስለቱ የክንዱን ፀጉር እስኪላጭ ድረስ ድንጋይ ላይ ይስለዋል። የተሰነጠቀውን እጀታ ጥሎ ከወይራ አዲስ ይጠርብለታል።

ያለቀውን ሳላሀዲን በባጃጅ ጭኖ መልካ ጀብዱ ላለች ትንሽ የእንጨት ሥራ ማሠልጠኛ ይወስዳል። አየነው ጉልበቱ ስለማያስኬደው አንድም ቀን አልሄደም። ግን ወሬው ይደርሰዋል። በተለይ የሀዊ ወሬ። ሀዊ ከወንዶቹ ሁሉ የምትበልጥ ተማሪ ናት፤ በእሱ መጋዝ በርጩማ ሠርታለች፤ «አባባን ሰላም በልልኝ» ብላለች። አንድ ቀን አየነው መላጊያውን እንዴት እንደምትይዘው ጠየቀ።

«ግራኝ ናት» አለው ሳላሀዲን።

አየነው ሁለት ሳምንት ሙሉ ለግራ እጅ የሚሆን እጀታ ሲጠርብ ከረመ። አውራ ጣቷ የምታርፍበትን ቦታ ሳይቀር ጎድጎድ አድርጎ ላከላት። ሚስቱ ቦጋለች በሞተች ጊዜ «ከእንግዲህ በቃኝ» ብሎ ተኝቶ ሳለ ከአልጋው ያስነሳውም የዚህችው ልጅ ወሬ ነበር። «መሮው ዶልዱሞባታል፤ አንተን ትጠብቃለች» አለው ሳላሀዲን። አየነው ተነሣና መሳያ ድንጋዩን አወጣ።

ባለፈው ጥር የጎረቤቱ ልጅ ዳጊ አግብቶ የሠርጉ ምሳ አንድ አዲስ ሆቴል ሆነ። አየነው እጁን ታጥቦ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ዓይኑ ቀረ። መጋዞች፣ መሮዎች፣ የእጅ መሰርሰሪያዎች በረድፍ ተሰቅለዋል። የመጋዞቹ ጥርስ ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል። በመካከላቸው ያለ አንድ መላጊያ እጀታው ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። ጠጋ ብሎ አውራ ጣቱን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈ። ብረቱን ከላይ እስከ ታች በስተው በቡሎን ከግድግዳው ጋር አሥረውታል።

«አባባ፣ አይነካም፤ ጌጥ ነው» አለችው አስተናጋጇ።

«ማነው ያመጣው?»

«ሳላሀዲን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁሌ እሳቸው ናቸው የሚያመጡልን።»

አየነው ምሳውን ሳይበላ ወጣ። በማግስቱ ጉልበቱን እየጎተተ ሚኒባስ ተሳፍሮ መልካ ጀብዱ ሄደ። ማሠልጠኛው በር ላይ መሃድ የሚባል ዘበኛ ተቀምጧል።

«የእንጨቱ ክፍልማ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው» አለው። «መምህሩ ተዛወረ፣ ሌላ አልመጣም።»

«ሀዊ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ግራኝ ናት።»

መሃድ አሰበ። «እዚህ አገር ሀዊ ብዙ ነው፣ አባባ። እንጨት የምትሠራ ግን አላየሁም። ሲዘጋም የነበሩት ወንዶች ብቻ ናቸው።»

አየነው ከመልካ ጀብዱ በቀጥታ ወደ ሳላሀዲን ቤት ነው የሄደው። ሳላሀዲን በሩን ከፍቶ ፊቱን ሲያይ ገባው። ግባም ሳይለው ራሱ ወደ ውጭ ወጣ።

«አቦ አየነው፣ ስማኝ። መጀመሪያ ሰሞን ወላሂ ወስጃለሁ። ሁለቴ። ከዚያ ተዘጋ። ዕቃው ቤቴ ተከመረ፣ የሆቴሉ ሰው መጥቶ አየው...»

«እሱን ተወው። የቸገረህን ብትነግረኝ ዕቃውን እኔው ተሸክሜ አመጣልህ ነበር። የሀዊን ንገረኝ።»

ሳላሀዲን መሬት መሬት አየ። «ተዘጋ ብልህ ሥራውን ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ግራኝ ያደረግካት ለምንድን ነው?»

«እንዴት ትይዛለች ብለህ ጠየቅከኝ። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። ቦጋለች ስትሞት ደግሞ ያቺ ልጅ ባትኖር ትነሣ ነበር?»

አየነውን የባሰ ያናደደውም ይኸው ነው። በእውነት ተነሥቶ ነበር። ልጅ አልነበረውምና ለእሷ ብሎ ማለዳ ይነሣ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው የመሮ አያያዟን እያሰበ ነበር የሚተኛው። አሁን ለማን እንደሚያዝን እንኳ አላወቀም፤ የሞተ ሰው ቢሆን ይለቀስለታል።

«ያቺን ልጅ ከየት ነው የማመጣት?» አለ አየነው በመጨረሻ። መልስም ሳይጠብቅ ዞሮ ሄደ።

ከፋሲካ በኋላ ሳላሀዲን ሽማግሌ ላከ። ሁለት የድሮ የባቡር ባልደረቦቻቸው መጥተው ለመኑት። አየነው እንግዶቹን አክብሮ ተቀበለ፣ ይቅር ብያለሁ አለ፣ ከሳላሀዲንም ጋር ተቃቀፉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ይጨዋወታሉ።

ሰኔ ውስጥ በአንዱ ጠዋት ሳላሀዲን ከሩቅ እየሳቀ መጣ። «ልጄ ፊርዶስ ወለደችልኝ። ወንድ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለና አየነው ትከሻውን ያዘው።

ተለያይተው ጥቂት እንደሄደ ወደ ሰፈሩ ባለሱቅ ወደ ዋርፋ ጎራ አለ። ሳሙና ገዛ። ከዚያ እንደ ዋዛ «የሳላሀዲን ልጅ ወልዳለች የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ ትናንት። እናቴ አራሷን ልትረዳ እዚያው ናት» አለው ዋርፋ።

አየነው አፈረ። ሁለተኛ እንዲህ አልጠይቅም ብሎ ለራሱ ማለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሳላሀዲን የሕፃኑን ስም ሲነግረው፣ ያንንም ሄዶ ዋርፋን ጠየቀ።