በየክሩ ቢስሚላህ

«ቢስሚላህ» አሉና አጎት ደሱቂ የክራር መሰሏን ሲምሲሚያቸውን መካከለኛ ክር ነካ አደረጉ።

«ቆይ ቆይ!» አለች ናግላ፣ ድምፅ ቀራጯ፣ ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ። «አጎቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቢስሚላሁን በልብዎ ይበሉት። ከክሩ ጋር የእርስዎም ድምፅ አብሮ ይገባል።»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በአፌ ነው ያልኩት። ልቤ መች ለምዶት!»

«እንግዲያው አንዴ ይበሉና ለሁሉም ይብቃ።»

«ጠዋት የበላ ማታ አይርበውም?»

ናግላ ሳቀች። ከጎኗ የተቀመጠው ሹክሪ፣ የሙዚቃው ደራሲ፣ አልሳቀም። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ዘፈን አልተዘፈነችም። ክር በክር፣ በቀስታ፣ ጠንከር አድርጎ፣ በኃይል፤ ከዚያ እንደገና። የኦርኬስትራውን ድርሰት ጽፎ ጨርሷል፤ ቫዮሊኑም ጡሩምባውም ተቀርጿል። የቀረው የሲምሲሚያዋ ድምፅ ነበር። ሙዚቃውን ያዘዘው ባሕር ማዶ ያለ የቪዲዮ ጌም ድርጅት ታዲያ ድምፁን እንጂ ተጫዋቹን አልፈለገም። እያንዳንዷ ድምፅ ለብቻዋ ተለቅማ ኮምፒውተር ውስጥ ትቀመጥ፤ ከዚያ ወዲያ ሹክሪ እዚሁ ካይሮ ቁጭ ብሎ በጣቱ እየተጫነ የፈለገውን ያስብላታል። ደሱቂ ዳግመኛ አያስፈልጉም።

ይህን አልነገራቸውም። ሱዌዝ ወርዶ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለው ሻይ ቤት ሲያገኛቸው፣ «ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር ይጫወታሉ» ብቻ ነው ያላቸው። በልጅነቱ እሳቸው ሲጫወቱ ከሰው መሐል ተሸጉጦ እያጨበጨበ ነበር ሙዚቃን የለመደው። እሳቸውም ለሻይ ቤቱ ሰው በሙሉ፣ «የልጅ ልጄ ቀን ከሌት በሚያፈጥበት ጌም ውስጥ ልገባ ነው!» ብለው አውጀው መጡ።

«ሹክሪ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉ አሁን።

«የምን ዘፋኝ፣ አጎቴ?»

«ታዲያ በማን ጉሮሮ ልቃኛት? ጠዋት በዚያ ማሽን ስትቃኟት እንግዳ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። እስከ መቼ ግን?»

የሱዌዝ ልማድ ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ዘፋኙን «አንድ ቃል በል» ይለዋል፤ ክሩን የሚያጠብቀውም የሚያላላውም በዚያ ጉሮሮ ልክ ነው። ሲበተኑ ደግሞ ማሰናበቻው ሳይዘፈን ማንም አይነሳም። ባሕር የሚገባውም ቤቱ የሚሄደውም ተመርቆ ነው የሚሄደው።

«ዘፋኝ የለም። ጨርሰናል፣ አጎቴ» አለ ሹክሪ በማይክሮፎኑ።

«እንግዲያው ማሰናበቻውን ልበልና እንሂድ። ያቺን ዘፈን ጌሙ ውስጥ አስገባልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ናግላ ማይክሮፎኑን በእጇ ሸፍና ወደ ሹክሪ ጠጋ አለች። «ውሉን እንዳትረሳ። እዚህ የተቀረጸ ሁሉ የነሱ ነው። ሰው ሲገደል ያሰሟታል፤ የሚጫወተው ልጅ ጌሙ ውስጥ በሞተ ቁጥር መሐሏ ላይ ትቆረጣለች።»

ሹክሪ እጁን ሰደደና መቅረጫውን አጠፋው። ከሽማግሌው ራስ በላይ ያለው ቀይ መብራት ድርግም አለ።

ደሱቂ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር አላዩም። ክሮቹን ከማሽኑ ቅኝት አውጥተው በራሳቸው ጉሮሮ አስተካከሉና ማሰናበቻውን ዘፈኑ። ድምፃቸው እንደ አሮጌ ጀልባ ይንቋቋል፤ ውሃ ግን አያስገባም። የሹክሪ መዳፍ ሳያዘው ጭኑን ይመታ ነበር።

«ገባች?» አሉ ሲጨርሱ።

ሹክሪ ወደ ውስጥ ገብቶ አጠገባቸው ቆመ። ቀና ብሎ አላያቸውም።

«አልገባችም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቆራርጧታል፣ አጎቴ። ዛሬ ክር በክር የቀረጽነውም ሁለተኛ እንዳይፈልጉዎት ነው። ዋሽቼዎታለሁ።»

ደሱቂ መንገድ ሊወጡ ሲሉ እንደሚያደርጉት ክሮቹን አንድ በአንድ ማላላት ጀመሩ።

«ማን ጠይቆህ አጠፋኸው?»

«ለክብርዎ ብዬ...»

«ክብሬን ለኔ ተውልኝ! እኔ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ። ሳይቆራረጥ የሚበላ ዓሣ የት አይተህ ታውቃለህ? አንዲት ቁራጭ ብትሆን እንኳ ለልጅ ልጄ ትደርሰው ነበር። ከጎኔ ተቀምጦ የማይሰማኝ ልጅ እሷን ይሰማት ነበር።» እጃቸው ክሩ ላይ ቆመ። «ስታመጣኝ ዋሸኸኝ። አሁን ደግሞ አዘንክልኝ። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አንተው ፍረድ።»

ሹክሪ ይቅርታ ቢላቸው ያው ማዘን ይሆንበታል። ወደ መስታወቱ ዞሮ ለናግላ በጣቱ ምልክት ሰጣት። ናግላ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ ደገመላት። ቀዩ መብራት በራ።

ከሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከ። «በማን ጉሮሮ ይቃኟታል?» አለ።

የደሱቂ ፊት አልተፈታም። ቢሆንም ሲምሲሚያዋን መልሰው ደረታቸው ላይ አስደገፏት።

«ቢስሚላህ» አሉ፣ ጮክ ብለው። ናግላ አላስቆመቻቸውም፤ እሱንም ቢሆን ኋላ ቆርጠው ይጥሉታል።

«በል፣ አንድ ቃል በል።»