ፊልሙ የማን ልጅ ነው?

አባቴ በክሪ ካሜራውን ሊሸጥ ነው ሲባል አሰበ ተፈሪ ውስጥ ከእኔ በቀር የደነገጠ የለም። ሰው ምን ቸገረው! የሚያነሳው ካጣ ሚኤሶ ወርዶ ይነሳል። እኔን ግን ከስድስተኛ ክፍል ስወጣ፣ «ትምህርቱ ካልሆነልሽ ፎቶ ቤቱ ያንቺ ነው» ብሎኛል። ካሜራ የሌለው ፎቶ ቤት ምንድን ነው? ወንበርና መጋረጃ!

አባቴ ዝሆን ከተሳለበት ሳጥን የወጣ ፊልም እንጂ ሌላ አይነካም። ዝሆኑ ደግሞ በባቡር መምጣቱን ካቆመ አራት ወር ሆኖታል። ቀበሌ ለመታወቂያ «ፎቶ አምጡ» ይላል፤ ገበሬው ከቦኬ ድረስ ይመጣል፤ አባቴ «ፊልም የለም» ብሎ ይመልሰዋል። በመጨረሻ የሚኤሶው ፎቶ አንሺ ታጁዲን ካሜራውን ልግዛህ አለው። ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ተስማሙ።

ጉዱ ግን፣ ፊልም ነበር! ፊት ለፊታችን ባለው በአቶ ገብረጻድቅ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ካርቶን ጥቁርና ነጭ ፊልም አቧራ ይጠጣል። ሳጥኑ ላይ ያለው የባሕር ማዶ ሱቅ ስም ብቻ ነው።

«ሱቅ ፊልም ይሠራል እንዴ?» አለ አባቴ። «አንዴ በማላውቀው ፊልም ሠርግ አነሳሁ። ሙሽራዋ ጭስ ሆና ወጣች። አባቷ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።»

እናቴ ፋጤ አጠገባችን ጫት ታስራለች። ከቦኬ፣ ከዓሊዩ ማሳ የመጣውን ግማሹን በራሷ አስተሳሰር፣ ግማሹን ለነጋዴዋ ለሀሊማ በሀሊማ አስተሳሰር። የሀሊማ ደንበኞች «የፋጤ ጫት አያመረቅንም» ይላሉ። ከአንድ ማሳ የመጣ ጫት!

«እማ፣ እስሩ ቢፈታ የማን ጫት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? የዓሊዩን በአቆራረጡ አላጣውም።»

ታዲያ ያ ሳጥኑ ላይ ስሙ ያለው ሱቅስ አሳሪ ብቻ ቢሆን? ብድግ ብዬ ወጣሁ።

«አቶ ገብረጻድቅ፣ አንድ ፊልም ይስጡኝ። ከሠራ በነጻ አነሳዎታለሁ።»

«ካልሠራስ?»

«መልክዎ እንደነበረ ይቀራል፤ ምን ጎደለብዎ?»

«ፎቶ መነሳት ያለበት ምላስሽ ነው!» ብለው ወረወሩልኝ።

ዓርብ አባቴ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ ካሜራውን አወጣሁ። አቶ ገብረጻድቅን ሚዛናቸው አጠገብ፣ እናቴን ደጃፍ ላይ አነሳሁ። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብቼ፣ ዝሆኑን በምናጥብበት መድኃኒት፣ ለዚያው ዘጠኝ ደቂቃ አጠብኩት።

ወጣ! እኔ ግን መልኩን ትቼ ጠርዙን አየሁ። የዝሆኑ ፊልም ሲታጠብ ጠርዙ ላይ ስሙና ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ከየቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ትንሽዬ ሦስት ማዕዘን አለች። የሱቁ ፊልም ላይ ስም የለም። ቁጥሮቹ ግን ቁርጥ እነሱ! አናቱ የተከፈተው አራት፣ አንገቱ የጎበጠው ሰባት፣ ሦስት ማዕዘኗም ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ማን ፈቀደልሽ?» የአባቴ ድምፅ ነው።

«አባ፣ መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ትገርፈኛለህ።»

አንድ የቆየ የዝሆን ፊልም አውጥቶ ከእኔው ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ለጥፎ በአጉሊ መነጽሩ ብዙ ቆየ።

«ስሙን ብቻ ነው ያወለቁት» አለ ቀስ ብሎ።

«ዝሆኑ ተከለ፣ ሱቁ አሰረ!»

«አንድ ፊልም ምስክር አይሆንም። ሌላ አምጪ።»

ቅዳሜ ታጁዲን በጭነት መኪና መጣ። አባቴ ወንበሩን ሳበለት።

«በክሪ፣ ካሜራ ልወስድ እንጂ ልነሳ አልመጣሁም።»

«መሥራቱን ሳታይ ትገዛለህ? ተቀመጥ። ዘይቱና፣ አንቺ አንሺው።»

እኔ! ሁለተኛውን የሱቅ ፊልም ካሜራው ውስጥ ከተትኩ። «ጋሽ ታጁዲን፣ አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ። ሚኤሶን አይዩ፣ እኔን ይዩ።»

አባቴ አጥቦ አተመው። ፎቶው ከውሃ ሲወጣ የታጁዲን ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ማሻአላህ! ዝሆኑን ከየት አገኘኸው?»

«ዝሆኑ ስሙን ለውጦ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል» አለና አባቴ ሁሉንም ነገረው። «ካሜራውን ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አልሸጠውም።»

«ቃል ሰጥተኸኛል!»

«ፊልም የለም ብዬ ነበር፤ አሁን አለ። አንተስ ስንት ፊልም ቀርቶሃል?»

ታጁዲን ጢሙን አከከ። «ወላሂ፣ ሁለት።»

«እንግዲያው የካርቶኑን ግማሽ ገዝተህ ሂድ።»

ታጁዲን ሳቁን መያዝ አቃተው። ሁለቱም ተያይዘው ወደ አቶ ገብረጻድቅ ሲሻገሩ፣ ሁለቴ የመለስነው የቦኬ ገበሬ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዛሬስ ፊልም አለ?»

«አለ፣ ይግቡ» አልኩ ካሜራውን ይዤ።

«አንቺ ነሽ የምታነሺኝ?»

አባቴ ከመንገዱ መሀል ዞሮ፣ «እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ።

ሰውዬው አባቴን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ጥምጣሙን አስተካክሎ ተቀመጠ።