ወንዙ ያልደረሰላት ጀልባ

በወንዝ ወደብ ከተማችን በሞፕቲ ጀልባ ወደ ውሃ አትወርድም፤ ውሃው መጥቶ ይወስዳታል። በበጋ ዳርቻው ላይ ትሠራታለህ፣ በኅዳር ሁለቱ ወንዞቻችን ኒጀርና ባኒ ሞልተው ሲመጡ ብድግ ያደርጓታል፤ አንተ ቆመህ ታያለህ። ታዲያ ቦታ መምረጥ ከሥራው ሁሉ ይከብዳል። ዝቅ ካልክ ሳትጨርስ ውሃ ይቀድምሃል፤ ከፍ ካልክ የዓመቱ መሳቂያ ትሆናለህ።

ኮላ ቲየንታ ከፍ ብሎ ነበር።

ሌሎቹ ጀልባ ሠሪዎች፣ ዝናቡ ከሳሳና ላይኛው ወንዝ ከተገደበ ወዲህ፣ በየዓመቱ ወደ ታች እየወረዱ ይሠራሉ። ኮላ ግን አባቱ ሠላሳ ጀልባ የሠሩበትን ቦታ አለቅም አለ። «ወንዙ ቤታችንን ያውቀዋል» አለ። ኩራቱ ደግሞ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሰሜኑ አሞሌ ጨው፣ የረግረጉ ሩዝ፣ የደቡቡ እንጨት በእኛ በወንዝ ሰዎቹ በቦዞዎች ጀልባ ካልሆነ በምን ተጓዘ? ነገሥታት ጦራቸውን አስከትለው ሲመጡ ዳር ላይ ቆመው የእኛን ቀዛፊ ይለምኑ ነበር። ፈረንጅም በጭስ መርከቡ መጥቶ አሸዋ ላይ ሲቀረቀር መንገዱን ያሳየው ቦዞ ነው። ይህች ከተማ ራሷ የወንዙ ሥራ ናት፤ አለዚያማ እዚህ ጭቃ ላይ ማን ቤት ይሠራ ነበር?

ኮላ ሰባት ወር ሙሉ ለፋ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ በራሱ እጅ የሠራት የመጀመሪያዋ ጀልባ ናት፤ ርዝመቷ አርባ እርምጃ። ምስማሯን ከአሮጌ ብረት አስቀጠቀጠ፤ የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ ሁሉ ከሺያ ዛፍ ፍሬ በሚወጣ ቅቤ በተነከረ ጥጥ ጠቀጠቀ። ውሃው መጣ፣ መጣና አሥራ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። በማግሥቱ አንድ ጣት ሸሸ።

ሙላቱ በዓመቱ እስኪመለስ ደረቁ ነፋስ ሳንቃዋን ሰነጣጥቆ ይጨርሳታል። ከዚያ በኋላ ኮላን ጀልባ ሥራልኝ የሚለው የለም።

«ሂድና ሰው ለምን» አለችው ሚስቱ ባያ።

«ማንን?»

«ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ዶጎኖቹ ከተራራቸው ለገበያ ወርደዋል። አንቲምቤን ለምነው።»

«አንቲምቤን ከምለምን ጀልባዋ ላይ እሳት እለቅባታለሁ።»

«ልቀቅባት። እኔም አሳዬን አጨስባታለሁ።»

ኮላ ሄደ። አንቲምቤ ጊንዶ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ እንደ ማንኛውም ዶጎን ደግሞ ለቦዞ የቀልድ ዘመድ። በእነዚህ ሁለት ሕዝቦች መካከል ስድብ ሰላምታ ነው፤ መቀየም ነውር ነው፤ የተለመኑትን እምቢ ማለት ደግሞ ከነውርም ይብሳል።

«እንዴት ነህ አንተ ገበሬ!» አለው አንቲምቤ ገና ከሩቁ። «ጀልባ ዘራህ አሉ። በቀለችልህ?»

«አንተ የገደል ፍየል፣ ዝም በል።»

«ወንዝ እንኳ ተጸይፎህ የለ! ምን ፈልገህ መጣህ?»

ኮላ መሬት መሬቱን አየ። «ጎትቱልኝ።»

«አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ ሽንኩርት ገብቷል።»

«ጎትቱልኝ አልኩህ!»

«እንደሱ አይባልም። ‹ጌታዬ አንቲምቤ፣ እኔ አሽከርህ ውሃ አላውቅም› በል። ገበያው ይስማ።»

ኮላ አባቱን አሰበ። ቀጥሎ ጀልባዋን አሰበ።

«ጌታዬ አንቲምቤ» አለ ጮክ ብሎ፣ «እኔ አሽከርህ ዘንድሮ ውሃ አላወቅሁም።»

«ዘንድሮ» የምትለዋን ከራሱ ጨምሮባታል። ገበያተኛው አውካካ። አንቲምቤ ግን አልሳቀም፤ ሽንኩርቱን ጥሎ ተነሣ። «የተራራ ልጆች፣ ተነሡ! አሳ በላዎቹ ወንዛቸው ጠፍቶባቸዋል!»

ስልሳ ዶጎን መጣ። ይህን ያዩ ቦዞዎችም አፍረው ገመድ ያዙ። ከሥሯ የዘንባባ ግንድ ተደረደረ፣ ሴቶቹ የአሳ ዘይት ቀቡት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? አንቲምቤ ከፊት ሆኖ የኮላን ዘር ማንዘር በየተራ ሲሰድብ፣ በየስድቡ ሁሉም እኩል ሳበ። ጀልባዋ አቃሰተች፤ ተነቃነቀች፤ ሄደች። አፍንጫዋ ውሃ ሲነካ ማንም አላቆመም። ዋና የማያውቁ የተራራ ሰዎች ገመዱን ይዘው እስከ ደረታቸው ገቡ። ጀልባዋ አንዴ ወዲያና ወዲህ አለችና ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች።

«አንተ አሳ በላ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። «መሬቱ የት ሄደ?» አንቲምቤ ነው፤ ውሃው አገጩ ላይ ደርሷል።

አዲስ ጀልባን መጀመሪያ የሚረግጣት የሠራት ሰው ነው። ኮላ ግን ገስግሶ ደረሰና አንቲምቤን ከብብቱ ይዞ ወደ ላይ ገፋው። «ግባ!»

አንቲምቤ እንደ ጆንያ ወደ ውስጥ ወደቀ። ቶሎም አልተነሣም። በአራት እግሩ እየዳኸ መጋጠሚያዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ዳበሰ። አዲስ ጀልባ ሳታፈስ የምትቀረው ከስንት አንዴ ነው። በመጨረሻ ቆመ።

«ደረቅ ናት!» አለ። «አንዲት ጠብታ የለችም! እንዲህ ያለ እጅ በዚህ ወንዝ ላይ አላየሁም!»

ዶጎን ቦዞን በሰው ፊት ሲያመሰግን ከእኛ መካከል ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስድቡን በስድብ የመለሰው ኮላ፣ የጀልባዋን ጠርዝ እንደያዘ፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ አለቀሰ።

አንቲምቤ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ምን ሆነሃል አንተ? ሽንኩርቱ እኮ ገና አልተጫነም!»