የኮምፒውተሩ ልብስ

ያ እንደ ንብ የሚያንጎራጉር ድምፅ ድንገት ቀጥ ሲል፣ ከውሰር ጓዳ ሆና አወቀች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ሱቁ ወጣች።

"እንደገና?"

"እንደገና፣ እማ" አለች ልጇ አሊማ፣ ከጠቆረው የኮምፒውተር መስኮት ላይ ዓይኗን ሳትነቅል።

አሊማ በአሰብ ወደብ መንገድ ዳር የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ከውሰር ሰላም የላትም። ሱቁን የያዘው የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ሐጂ ሳኒ የሚባሉ የወሎ ነጋዴ የጭነት ወረቀታቸውን የሚያጽፉት እዚህ ነው። ትናንት ሹፌሮቻቸው ወረቀት ሲጠብቁ ረፈደባቸው። ሐጂም አሊማ ዛሬ ከዘገየች ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጡት ቁርጡን ነግረዋታል። ከውሰር በልቧ ሱቁን ዘግታ፣ ዕቃውን ሸክፋ ጨርሳለች።

ጣጣው ያለው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው፤ መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው የኋላው ሳጥን። የመጀመሪያው ተቃጠለ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣው ሁለተኛውም ጠዋት ደህና ይሠራና ፀሐይ ሲበረታ ይጠፋል። ጠጋኙ ደስታው፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ቀዝቀዝ ባለ ቤት የተለካ ስለሆነ በአሰብ ሙቀት ያን ያህል እንደማይሸከም ነግሯቸው፣ አሊማ የጨመረችውን ሁለተኛ ዲስክ ነቀለው። ሸክሙ ቀለለ፣ መጥፋቱ ግን አልቀረም። የሚያናድደው ደግሞ ደስታው አጠገቡ ሲቀመጥ ማሽኑ ለመጥፋት ወይ ፍንክች ማለቱ ነው። ከውሰር ሰውየውን ድግምተኛ እስከማለት ደርሳ ነበር።

"እስኪበርድ ልጠብቀው" አለች አሊማ። "አንቺ ብቻ አትነካኪው።"

የከውሰር እጅ ግን አርፎ አያውቅም። የባሕሩ ነፋስ ጨው የማቀዝቀዣዋን በር በልቶባታል፤ ኮምፒውተሩንም እንዳይበላው ፈርታ ወፍራም ልብስ ሰፍታለት፣ ጠርዙን ዳንቴል አድርጋበታለች። አሊማ ስትሠራ እንኳ ከፊት ብቻ ገለጥ አድርጋ፣ ከኋላ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ትሸፍነዋለች። ደስታው ሊመጣ ሲል ደግሞ፣ የቆሸሸ ልብስ ሰው ፊት አይታይም ብላ አውልቃ ታጥበዋለች።

አሁንም ልብሱ ተንሸራቶ አየችውና ልታስተካክል እጇን ከኋላ ሰደደች። ሳጥኑ እንደ ካውያ ፈጃት። ልብሱን ስባ ገለበጠችው፤ የሳጥኑ ማራገቢያ ባለበት በኩል በክብ ተለብልቦ ቡናማ ሆኗል።

"አሊማ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይሄ ነገር የሚተነፍሰው በዚህ ነው እንዴ?"

አሊማ ልብሱን አየች፣ እናቷን አየች። "እማ፣ አፍነሽው ኖሯል።"

"ታዲያ ጨው ይብላው?"

አሊማ ልብሱን ወዲያ አድርጋ የሱቁን መስኮት ከፈተች። ማሽኑ ሲበርድ አስነሳችውና ትጽፍ ጀመር። ከውሰርም ከኋላው በርጩማ ስባ፣ በሰሌን ማራገቢያ ታራግብለት ያዘች። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ፤ ማሽኑ አልጠፋም። የሐጂ ሹፌር መጥቶ ወረቀቱን ከአሊማ እጅ ሲቀበል ሴትዮዋን አይቶ ሳቀ።

"እትዬ ከውሰር፣ የእኛንስ ሞተር ዱብቲ በረሃ ላይ ማን ያራግብልን?"

ከውሰር አልሳቀችም። ዓይኗ የሳጥኑ ራቁት ጀርባ ላይ ነው። በተከፈተው መስኮት የባሕሩ ነፋስ ይገባል።

"አሁን ደግሞ ይዝጋል" አለች፣ ማራገቧን ሳታቆም።