ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ባለሙያዎች

ከአዲስ አበባ የመጣው መርሐ ግብር "የተግባር ፈተና፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት" ይላል። ድሬዳዋ ውስጥ በስምንት ሰዓት የምትሠራው ፀሐይ ብቻ ናት። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ የሚቅመው በርጫው ላይ፣ የማይቅመው አልጋው ላይ ሆኖ ከተማው እስኪበርድ ይጠብቃል። ይህንኑ ለአሠልጣኛችን ለዶክተር ሰይፈ ሚካኤል ብነግራቸው "መርሐ ግብሩ ጸድቋል" አሉኝ። ከጸደቀ ምን ይደረጋል? ፀሐይዋ ትታገሰን።

የሥልጠናው ስም ብቻውን ያደክማል፤ "የሕፃናት አእምሮ ጤና ባለሙያዎች የድኅረ ምረቃ ከፍተኛ ሥልጠና" ነው። ሁላችንም ማስተርሳችንን ይዘን፣ ከዚያ በላይ ከፍ እንበል ብለን የገባን ሰዎች ነን። ከፍ ከማለታችን የተነሳ ዓመቱን ሙሉ በሥልጠናው ላይ አንድም ሕፃን አላየንም። "ማዳመጥ" የሚለውን ትምህርት ዶክተሩ ከጧት እስከ ምሳ ያለማቋረጥ ተናግረው አስተማሩን። እጁን ያወጣ ሁሉ "ጥያቄ መጨረሻ ላይ" ተባለ፤ መጨረሻ ላይ ምሳ ቀረበ። "ጨዋታ" የሚለው ላይ ስንደርስ ደግሞ ልጅ ስለሌለ ተራ በተራ እኛው ልጅ ሆንን። ባልደረባዬ ሙሂዲን፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰ የልጆች አባት፣ ወላጆቹ የተፋቱበት የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ ጉልበቱን ያመዋል። ዶክተሩ ግን "ግሩም የስሜት አገላለጽ!" ብለው አጨበጨቡለት።

ለመጨረሻው ፈተና ግን የእውነት ልጅ ግድ ሆነ። ያን ጊዜ ሁሉም ዞረው እኔን አዩ፣ በምሠራበት ክሊኒክ የማያት ዐያን ነበረችኝና።

ዐያን ሰባት ዓመቷ ነው። ቤቷ ውስጥ ከእናቷ ጋር በሶማሊኛ ስትለፈልፍ ትውላለች፤ ከደጃፉ ከወጣች ግን አንዲት ቃል አይወጣትም። ዲዳም አይደለችም፣ ግትርም አይደለችም። ፍርሃት ነው ምላሷን የሚይዘው። አማርኛውንም ከሰፈር ልጆች ሰምታ ጨርሳዋለች፤ አውጥታ አትናገረው እንጂ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይህ አልገባቸውም። "ስሟን ከራሷ አፍ ካልሰማሁ አንደኛ ክፍል አላስገባትም። አለዚያ ከፍተኛ ባለሙያ አይቷት ይፈርምልኝ" ብለው ቁርጡን ነገሩ። እናቷ ሰገል ታይዋን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ይህን ስትነግረኝ እንባዋ ይወርድ ነበር።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ልጄ ጤነኛ ናት እኮ። ቤት መጥተሽ ብትሰሚያት፣ ወላሂ፣ አንቺው ራስሽ ዝም በይ ትያታለሽ!"

ለወራት እኔ ዘንድ እየመጣች ተጫወትን። መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር የምትጫወተው፤ ቆይቶ ጎኗን፣ ከዚያ ፊቷን ሰጠችኝ። አንድም ቀን ተናገሪ አላልኳትም። በቅርቡ አሻንጉሊቷን አንስታ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከች። ለእኔ አልነበረም፣ ለአሻንጉሊቷ ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።

እንግዲህ ይህችን ልጅ ነው መስታወቱ ፊት የማስቀምጣት። የፈተናው ክፍል አንዱ ግድግዳ በእኛ በኩል መስታወት ነው፤ በወዲያኛው በኩል ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡት ተመልካቾች እንደ መስኮት ያሳያል።

"ከኋላው ሰዎች እንዳሉ ልንገራት" አልኳቸው ዶክተሩን።

"በፍጹም! መታየቷን ካወቀች ተፈጥሯዊ ባህሪዋ ይበላሻል።"

"ከደረሰችብንስ? እኔንም ማመን ታቆማለች። ተመልሳ አትመጣም እኮ።"

"አትደርስብንም፣ ኑኃሚን። መስታወቱ ከውጭ የመጣ ነው።"

ከውጭ ከመጣ ዕቃ ጋር ማን ይከራከራል? የእሳቸው ፊርማ ለዐያን ያስፈልጋት ነበርና አፌን ዘጋሁ። ያን ቀን ከዐያን የባስኩት ዝምተኛ እኔ ነበርኩ፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ሰገል ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ በካርቶን ቁራጭ ራሷን ታራግባለች። እኔና ዐያን ከውስጥ ሆነን መጋረጃውን ዘግተን፣ መብራቱን አብርተን፣ የትምህርት ቤት ጨዋታ ጀመርን። አሻንጉሊቶቹን ደረደረቻቸው። አንዷን ግን ለብቻዋ ጥግ አስቀመጠቻት። ያቺ የማትናገረዋ ተማሪ እንደሆነች ገባኝ። አንስታ አቀፈቻት፤ ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ሲል መብራት ጠፋ።

ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ክፍሉ ደበዘዘ። የድሬ ሰው በዚህ አይደነግጥም፤ ባለበት ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ መብራቱም ሲሻው ይመጣል። እኔና ዐያንም እንደዚያው አደረግን። በወዲያኛው ክፍል ግን ዶክተር ሰይፈ ሚካኤል ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ነበር። የሆነውን በኋላ ሙሂዲን ነገረኝ።

"አቦ፣ ሰውየው ሊሞቱብን ነበር! አይክፈቱ፣ ይታያሉ ስንላቸው 'አየር! አየር!' ብለው የመስኮቱን መጋረጃ ገነጠሉት።"

የስምንት ሰዓት የድሬ ፀሐይ ያንን ጨለማ ክፍል ሞላችው። ከእኛ ወገን መስታወት የነበረው ነገር በአንዴ መስኮት ሆነ። ከፍተኛ ባለሙያዎቹ በሙሉ ለስላሳቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሲኒማ እንደገባ ሰው ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። ዶክተሩ አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ የተገነጠለውን መጋረጃ ታቅፈው ቆመዋል።

ዐያን ደርቃ ቀረች። እኔም "አለቀ" አልኩ በሆዴ። አሁን ይህች ልጅ እስከ መቼም አትናገርም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

"ዐያን፣ ሊያዩን ነው የተቀመጡት። ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ" አልኳት በሶማሊኛ።

ቀስ ብላ ተነስታ ወደ መስታወቱ ሄደችና አንድ በአንድ አየቻቸው። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ያሉት የፈራ ልጅ እንዴት እንደሚቀረብ ዓመት ሙሉ የተማሩ ናቸው። አንዱ እጁን ያውለበልባል፣ አንዷ ፈገግ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዷ ፊቷን በፋይል ሸፈነች። ሙሂዲን፣ ያ አልቃሻው፣ ጠርሙሱን አፉ ላይ እንደደገነ ቀረ። ዶክተሩማ መጋረጃውን ወደ ደረታቸው አጥብቀው ያዙት።

ዐያን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። ወደ አሻንጉሊቷ ሳይሆን ወደ እኔ ጆሮ!

"እነሱም መናገር ይፈራሉ?"

እኔም ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። "አዎ፣ በጣም ይፈራሉ" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። አሻንጉሊቷን አንስታ በሩን ከፍታ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ሰገል ብድግ ስትል በእጄ ምልክት ሰጥቼ አቆምኳት። ዐያን የተመልካቾቹን በር አንኳኳች። ከውስጥ ድምፅ የለም፤ ተመልካችና ልጅ መገናኘት በመመሪያው ክልክል ነዋ! ደግማ አንኳኳች። መመሪያ ምንም ቢጠብቅ ልማድን አያሸንፍም፤ በሩ ሲንኳኳ ዶክተሩ ሳያስቡት አመለጣቸው።

"ማነው?"

"ዐያን ነኝ" አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። "አትፍሩ።"

ሰገል ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኔ ያለሁበትን አላውቅም።

ውጤቴ በማግስቱ ተጽፎ ደረሰኝ። "ሠልጣኟ ክፍለ ጊዜውን አቋርጣ ወጥታለች። የልጅቷ ንግግር ከፈተናው ክፍል ውጭ የተደረገ በመሆኑ አይያዝም። ድጋሚ ትፈተን" ይላል። ስለ መጋረጃው የተጻፈ ነገር የለም።

ድጋሚው ፈተና መስከረም ላይ ነው፣ እንደ ልማዱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዶክተሩ በስልክ "ያቺን ልጅ ይዘሻት ትመጫለሽ አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። አይመቻትም አልኳቸው። ለምን እንደማይመቻት ነገርኳቸው። "እንግዲያው ልጅ ከየት እናመጣለን?" አሉ። ሙሂዲን ምንጣፍ የሚነጠፍ ከሆነ ፈቃደኛ ነው።

ዐያን ግን ስሟን ለርእሰ መምህሩ ከራሷ አፍ አሰምታለች፤ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ናት።